ጎን ለጎን የተንጠለጠሉ ሞላዎች በጭነት ምን ያህል እንደሚለጠጡ የመለኪያ መመሪያ

ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው «አንድ ሞላ 100 ግራም ሲሸከም 4 ሴንቲ ሜትር ከተለጠጠ፣ ተመሳሳይ የሆነ ሁለተኛ ሞላ ከጎኑ ሲጨመርለት ሁለቱ ስንት ሴንቲ ሜትር ይለጠጣሉ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «መልሱ 2 ሴንቲ ሜትር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስለካው ግን ለምን 2 አይመጣልኝም?» የሚል ነው። የመጀመሪያው በአንድ አንቀጽ የሚመለስ ሲሆን፣ መመሪያው በአብዛኛው የተዘጋጀው ለሁለተኛው ነው። ስሌቱ አጭር ሆኖ ሳለ መለኪያው የሚሳሳተው በጥቃቅን ነገሮች ስለሆነ፣ እያንዳንዱን ደረጃ ከምክንያቱ ጋር አስቀምጬዋለሁ።

አስቀድሞ መያዝ ያለበት ነጥብ

ሞላ ወይም ስፕሪንግ ከመለጠጥ ወሰኑ፣ ማለትም ጭነቱ ሲነሣ ወደ መነሻው ርዝመት መመለስ ከሚችልበት ገደብ፣ እስካላለፈ ድረስ የሚለጠጠው ከተሸከመው ኃይል ጋር በተመጣጠነ መጠን ነው፤ ይህም የሁክ ሕግ ይባላል። የተጨመረው ኃይል ለተጨመረው ርዝመት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር የሞላው ግትርነት ሲሆን፣ የሚለካውም በኒውተን በሜትር ነው። ግትርነቱ ከፍ ያለ ሞላ በተመሳሳይ ጭነት ጥቂት ብቻ ይለጠጣል።

ሁለት ሞላዎች አንድን ዘንግ ግራና ቀኝ ይዘው ዘንጉ ሳያዘም ወደ ታች ሲወርድ፣ ሁለቱም የሚለጠጡት በእኩል መጠን ነው። ጭነቱ ግን ለሁለቱ ይከፋፈላል። በመሆኑም ጎን ለጎን ሲሆኑ የጋራ ግትርነታቸው የየግላቸው ግትርነት ድምር ነው። በተከታታይ፣ ማለትም አንዱ ከሌላው ጫፍ ላይ ሲንጠለጠሉ ነገሩ ይገለበጣል፤ እያንዳንዱ ሞላ ሙሉውን ጭነት ይሸከማል፣ የሚደመረውም የተለጠጡት ርዝመት ነው።

ግትርነትን መደመር የሚቻለው ሞላዎቹ በእኩል መጠን ሲለጠጡ ብቻ መሆኑን አጥብቀው ይያዙ። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች አብዛኞቹ የሚደክሙት ይህ ቅድመ ሁኔታ በትክክል እንዲሟላ ነው፤ ውጤቱ አልገጥም ያላቸው ሰዎችም ብዙውን ጊዜ የሳቱት ይህንን እንጂ ስሌቱን አይደለም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት ወይም ሦስት የመሳቢያ ሞላዎች (ሲጎተቱ የሚለጠጡ ሞላዎች)፣ እንዲሁም ከእነርሱ በግትርነት የሚለይ አንድ ተጨማሪ ሞላ
- ጭነት ሲጨመርበት የማይጎብጥና የማይነቃነቅ መስቀያ፣ ለምሳሌ በሁለት መቆሚያዎች ላይ በመቆንጠጫ የታሰረ የብረት ቱቦ
- ቀላልና የማይጎብጥ ዘንግ፤ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የአሉሚኒየም ቱቦ ይበቃል
- ክብደታቸው የታወቀ ጭነቶች፣ ከ50 ግራም ጀምሮ እስከ 600 ግራም ድረስ ሊደመሩ የሚችሉ
- በሚሊ ሜትር የተከፋፈሉ ሁለት ማስመሪያዎች
- ውሃ ልክና ቱንቢ
- ትንሽ ጠፍጣፋ መስታወት፣ ቀጭን ሽቦ፣ ግራፍ ወረቀት
- የዓይን መከላከያ መነጽር
- ሚዛን፤ ዘንጉንና ጭነቶቹን ለመመዘን

ክብደታቸው የታወቀ ጭነቶች ከሌሉዎት ትናንሽ ከረጢቶችን በአሸዋ ሞልተው በሚዛን ማስተካከል ይችላሉ። በጭነቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አምኖ መጠቀም ግን አይመከርም፤ ማንጠልጠያው ራሱ ክብደት ስላለው ከጭነቱ ጋር አብሮ ይመዘን።

ማስጠንቀቂያ

የተለጠጠ ሞላ ከመንጠቆው ሲያመልጥ በከፍተኛ ፍጥነት ይፈናጠራል፤ ስለዚህ መነጽር ሳያደርጉ ፊትዎን ወደ ሞላው አያስጠጉ። ሞላዎች ጎን ለጎን ሲሆኑ ሌላም አደጋ አለ። አንዱ ከመንጠቆው ቢወጣ ጭነቱ በሙሉ በድንገት በሌላው ላይ ይወድቃል፣ ሞላውም ጭነቱ ሊረጋበት ከሚገባው ቦታ አልፎ ይለጠጣል። ይህ ሞላውን ሊያበላሽ፣ ዘንጉንም ሊያወዛውዝ ስለሚችል፣ ከጭነቱ በታች እጅም እግርም እንዳይኖር ያድርጉ፤ ወለሉ ላይም ለስላሳ ነገር ያንጥፉ። የመኪናና የበር መዝጊያ ሞላዎች በዚህ ዘዴ የሚለኩ አይደሉም፤ የሚይዙት ኃይል በእጅ ከሚቆጣጠሩት እጅግ ይበልጣል።

አሠራሩ

1. መስቀያውን ያቁሙና ይፈትኑት። የላይኛውን ቱቦ በውሃ ልክ አግድም ያድርጉት። ከዚያም ሊጠቀሙበት ያሰቡትን ትልቁን ጭነት በቀጥታ ከቱቦው ላይ አንጠልጥለው ቱቦው በማስመሪያው ላይ ዝቅ ማለት አለማለቱን ይመልከቱ። መስቀያው 2 ሚሊ ሜትር ከጎበጠ፣ ያ 2 ሚሊ ሜትር ሞላው የተለጠጠው ተደርጎ ይቆጠራል፤ እውነተኛው ለውጥ 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደግሞ ስሕተቱ አንድ አሥረኛ ነው። የጎበጠን መስቀያ በስሌት ከማረም ይልቅ በወፍራም መለወጥ ይሻላል።

2. ለእያንዳንዱ ሞላ መለያ ያድርጉ። ባለ ቀለም ክር ይሰሩበት ወይም ቁጥር ይስጡት። ከአንድ ካርቶን የወጡ ሞላዎች እንኳ ፍጹም እኩል ግትርነት ላይኖራቸው ይችላል፣ በዓይን ደግሞ አይለዩም። መለያ ከሌላቸው በደረጃ 4 ያገኙት ቁጥር የየትኛው እንደሆነ በኋላ ማወቅ አይችሉም።

3. እያንዳንዱን ሞላ ለብቻው አንጠልጥለው ይለኩ። አብዛኛው ሥራ ያለው እዚህ ስለሆነ አይቸኩሉ። ማስመሪያውን ከሞላው አጠገብ በቱንቢ ቀጥ አድርገው ያቁሙት፤ ያዘመመ ማስመሪያ ሁልጊዜ ከእውነተኛው የበለጠ ርዝመት ያሳያል። ከሞላው የታችኛው ጫፍ ላይ አጭር ሽቦ እንደ አመልካች ይሰሩ። መስታወቱን ከማስመሪያው ጋር አጣብቀው፣ አመልካቹና በመስታወቱ ውስጥ የሚታየው ምስሉ በአንድ መስመር ላይ ሲውሉ ብቻ ያንብቡ። ይህ ዓይንዎ ከአመልካቹ ጋር በአንድ ከፍታ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ከላይ ወይም ከታች ሆኖ ማንበብ በቀላሉ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ያሳስታል።

ምንም ሳይጭኑ ያንብቡ፤ ከዚያም 50፣ 100፣ 200፣ 300፣ 400 ግራም እያደረጉ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ሞላው መወዛወዙን እስኪያቆም ጠብቀው ይመዝግቡ። ጭነቱን በእጅዎ ደግፈው ቀስ ብለው ይልቀቁት እንጂ አይጣሉት። 400 ግራም ሲደርሱ ጭነቱን በዚያው ደረጃ እየቀነሱ እንደገና ያንብቡ። ሲወጣና ሲወርድ የተገኙት ቁጥሮች ከሞላ ጎደል አንድ መሆን አለባቸው። ጭነቱ ሁሉ ከተነሣ በኋላ አመልካቹ ወደ መነሻው ካልተመለሰ ሞላው ከመለጠጥ ወሰኑ አልፏል፤ ከዚያ በኋላ ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ ይለውጡት። ስለማያውቁት ሞላ ደግሞ አንድ ጥሩ ምልክት አለ፦ እኩል ጭነት ሲጨምሩ የሚጨምረው ርዝመት እኩል መሆኑን ትቶ ድንገት ከበዛ፣ ወዲያውኑ ያቁሙና ጭነቱን ያንሱ።

ሞላው በራሱ ክብደት በመጠኑ መለጠጡ ሊያሳስብዎ አይገባም። የራሱ ክብደት መነሻውን ንባብ ያወርደዋል እንጂ በተጨመረው ጭነትና በተጨመረው ርዝመት መካከል ያለውን ግንኙነት አይለውጠውም።

4. ግትርነቱን ከመስመሩ ያውጡ፣ ከአንድ ንባብ አይደለም። ጭነቱን ወደ ኒውተን ለመለወጥ በኪሎ ግራም የተገለጸውን ክብደት በ9.8 ያባዙ፤ 100 ግራም 0.98 ኒውተን ይሆናል። ከዚያ በግራፍ ወረቀት ላይ ርዝመቱን በአግድም፣ ኃይሉን በቁም አድርገው ነጥቦቹን ያስቀምጡና ቀጥታ መስመር ያስምሩ። የመስመሩ ዝንባሌ የሞላው ግትርነት ነው።

ዝንባሌውን መውሰድ ለምን እንዳስፈለገ በምሳሌ ቢታይ ይሻላል። ብዙዎቹ የመሳቢያ ሞላዎች ጥቅልሎቻቸው እርስ በርስ ተጣብቀው ስለሚሠሩ፣ የተወሰነ ኃይል እስኪያገኙ ድረስ አይከፈቱም። የአንድ ሞላ ንባብ እንዲህ ሆነ እንበል፦

- ያለ ጭነት፦ 12.0 ሴንቲ ሜትር
- 50 ግራም፦ 12.0 ሴንቲ ሜትር
- 100 ግራም፦ 14.0 ሴንቲ ሜትር
- 200 ግራም፦ 18.0 ሴንቲ ሜትር
- 300 ግራም፦ 22.0 ሴንቲ ሜትር

የመጀመሪያው 50 ግራም ጥቅልሎቹን ከማላቀቅ አልፎ ምንም አልለጠጠም። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ 100 ግራም 4 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል፤ ስለዚህ ግትርነቱ 0.98 ኒውተን ለ0.04 ሜትር ተካፍሎ 24.5 ኒውተን በሜትር ነው። ዝንባሌውን ትተው የ300 ግራሙን ንባብ ብቻ ቢወስዱ፣ 2.94 ኒውተን ለ0.10 ሜትር ተካፍሎ 29.4 ይወጣል። ይህም ከእውነተኛው በ20 በመቶ የበለጠ ነው። ሞላዎቹ ጎን ለጎን ሲሆኑ ይህ ስሕተት በሌላ መልክ ተመልሶ ስለሚመጣ፣ ሞላው የሚከፈትበትን ጭነት፣ በምሳሌአችን 50 ግራምን፣ ከግትርነቱ ጎን ይመዝግቡት።

5. ዘንጉን ያዘጋጁ። ዘንጉን ይመዝኑ። ከሁለቱ ጫፎች አቅራቢያ፣ ለምሳሌ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ የሞላዎቹን መንጠቆ የሚይዙ ሁለት ቀዳዳዎች ይብሱ፤ ትክክለኛውን መካከልም ምልክት ያድርጉበት። በላይኛው መስቀያ ላይ ያሉት ሁለት ማንጠልጠያዎችም በዚያው በ30 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ። የላይኛውና የታችኛው ርቀት ካልተመሳሰለ ሞላዎቹ ይንሻፈፋሉ፣ ከሚይዙት ኃይል ጭነቱን ወደ ላይ የሚያነሣው ከፊሉ ብቻ ይሆናል፣ ቀሪው ሁለቱን ሞላዎች ወደ ጎን ይጎትታል። ይባስ ብሎ የመንሻፈፉ ማዕዘን ጭነት በተጨመረ ቁጥር ስለሚለዋወጥ፣ መስመሩ ቀጥ ማለቱን ይተዋል።

የዘንጉ ክብደት እንቅፋት ይመስላል፣ በአግባቡ ከተያዘ ግን አጋዥ ነው። በምሳሌአችን እያንዳንዱ ሞላ እስኪከፈት 50 ግራም ይፈልጋል፤ ዘንጉ 120 ግራም ቢመዝን ለእያንዳንዱ 60 ግራም ስለሚደርሰው፣ ሁለቱም ጭነት ሳይጨመር ተከፍተው ይጠብቃሉ። ዘንጉ ከዚህ የቀለለ እንደሆነ በመካከሉ ላይ ተጨማሪ ክብደት በቋሚነት ይሰሩበት።

6. ሁለቱን ተመሳሳይ ሞላዎች ከዘንጉ ጋር ያያይዙና መነሻውን ያንብቡ። በዘንጉ በሁለቱም ጫፎች አጠገብ አንዳንድ ማስመሪያ ያቁሙ። አንድ ማስመሪያ ብቻ ካቆሙ ዘንጉ ወርዶ ይሁን አዝምሞ መለየት አይችሉም። ከዚህ በኋላ መነሻ የሚባለው ዘንጉ ተንጠልጥሎ ሳለ የተገኘው ንባብ ነው፤ ሞላው ባዶውን ሳለ ከነበረው ንባብ ጋር አያቀላቅሉት።

ውሃ ልኩ ዘንጉ ማዘሙን ካሳየ ከሞላዎቹ አንዱ በተፈጥሮ ርዝመቱ ይበልጣል ማለት ነው። አጠር ያለውን ሞላ ከላይ በቀጭን ሽቦ አስረዝመው ያስተካክሉት። የሽቦው ሥራ ርዝመትን ማሟላት ብቻ ስለሆነ ሲጫን የማይለጠጥ ይሁን፤ ላስቲክና የጎማ ክር ራሳቸው ሞላ ስለሚሆኑ ለዚህ አይውሉም።

7. ጭነቱን ከመካከሉ እያንጠለጠሉ ይለኩ። 200፣ 400፣ 600 ግራም እያደረጉ የሁለቱንም ጫፎች ንባብ ይመዝግቡ። የሁለቱ ለውጥ አማካይ መካከሉ የወረደበት መጠን ነው፤ የሁለቱ ልዩነት ደግሞ የማዘሙ መጠን ነው። 600 ግራም ሲጨመር እያንዳንዱ ሞላ ከዘንጉ ድርሻ ጋር 360 ግራም ይይዛል፤ ይህ በደረጃ 3 ከፈተሹት 400 ግራም በታች በመሆኑ ሞላው የተለካበት ክልል ውስጥ ነን። ለብቻው ሲለካ ካየነው በላይ መጫን፣ ባልተፈተሸ ክልል ውስጥ ሆኖ ስለ ሕጉ መፍረድ ነው።

ሊጠብቁት የሚገባው ቁጥር ይኸው፦ 24.5 ሲደመር 24.5፣ 49 ኒውተን በሜትር። እያንዳንዱ 200 ግራም፣ ማለትም 1.96 ኒውተን፣ ለ49 ሲካፈል 0.04 ሜትር ስለሚሆን፣ ንባቦቹ በ4፣ በ8 እና በ12 ሴንቲ ሜትር መውረድ አለባቸው። እዚህም ቢሆን ከአንድ ንባብ ይልቅ የመስመሩን ዝንባሌ ይጠቀሙ። ማስመሪያን በዓይን ስናነብ በ1 ሚሊ ሜትር መሳሳት የተለመደ ነው፤ ለውጡ 2 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ይህ 5 በመቶ፣ 12 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ግን ከ1 በመቶ በታች ነው። ጎን ለጎን የሆኑ ሞላዎች ትንሽ ስለሚለጠጡ ከነጠላው ሞላ የበለጠ ጭነት የሚያስፈልጋቸው ለዚህ ነው።

8. ግትርነታቸው የተለያየ ሁለት ሞላዎች ካሉዎት ማንጠልጠያውን ከመካከል ያንሱት። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳ። ልሉ ሞላ 24.5፣ ጠንካራው 49 ኒውተን በሜትር ይሁን። ድምሩ 73.5 ነው፤ 300 ግራም፣ ማለትም 2.94 ኒውተን፣ 4 ሴንቲ ሜትር ሊያወርደው ይገባል። ጭነቱን በዘንጉ መካከል ካንጠለጠሉት ግን ሁለቱ ሞላዎች ግማሽ ግማሹን፣ 150 ግራም 150 ግራም፣ ለመሸከም ይገደዳሉ፤ የኃይሎቹ ሚዛን ሌላ አማራጭ አይሰጣቸውም። በዚህን ጊዜ ልሉ 6፣ ጠንካራው 3 ሴንቲ ሜትር ይለጠጣሉ፣ ዘንጉ ያዘማል፣ መካከሉም 4.5 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ከዚህ ተነሥተው ግትርነቱን ቢያሰሉ 73.5 ሳይሆን 65.3 ያገኛሉ። ሕጉ አልተሳሳተም፤ ሞላዎቹ በእኩል መጠን ስላልተለጠጡ መደመር አልተፈቀደም እንጂ።

ትክክለኛው ማንጠልጠያ ቦታ ወደ ጠንካራው ሞላ የተጠጋ ነው። ከእያንዳንዱ ሞላ ያለው ርቀት በሌላኛው ሞላ ግትርነት ልክ ይከፋፈላል፤ ማለትም ከልሉ ሞላ ያለው ርቀት፣ የጠንካራው ግትርነት ለድምሩ ተካፍሎ በሁለቱ መካከል ባለው ርቀት ሲባዛ የሚገኘው ነው። በምሳሌአችን 49 ለ73.5 ተካፍሎ በ30 ሲባዛ 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከጠንካራው ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። እዚያ ላይ 300 ግራም ሲንጠለጠል ጠንካራው 200፣ ልሉ 100 ግራም ይሸከማሉ፣ ሁለቱም 4 ሴንቲ ሜትር ይለጠጣሉ።

ቦታውን በስሌት ካገኙ በኋላ በሙከራ ያረጋግጡት፦ ጭነት ሲጨምሩ የሁለቱ ጫፎች ለውጥ እኩል ካልሆነ፣ ማንጠልጠያውን ትንሽ የለወጠው ጫፍ ወዳለበት አቅጣጫ ያንቀሳቅሱት። እዚህ ላይ የሚታየው ለውጡ እንጂ ዘንጉ መጀመሪያ የነበረበት አቀማመጥ አይደለም። የዘንጉ የራሱ ክብደት የሚያርፈው መካከሉ ላይ በመሆኑ፣ ሞላዎቹ ከተለያዩ ዘንጉ ጭነት ሳይጨመርበትም በመጠኑ ማዘሙ አይቀርም። ያ ማዘም ጭነት ሲጨመር ሳይበዛና ሳይቀንስ እንደነበረ ከቆየ ማንጠልጠያው በትክክለኛው ቦታ ላይ ነው። ዓይንዎን የሚረብሽዎ ከሆነ በላይኛው ሽቦ ያስተካክሉት።

9. ሦስትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሞላዎች። ተመሳሳይ ሦስት ሞላዎች በእኩል ርቀት ከተሰለፉና ጭነቱ ከመካከለኛው በታች ከተንጠለጠለ፣ በምሳሌአችን የጋራ ግትርነቱ 73.5 ይሆናል፤ እያንዳንዱ 300 ግራም 4 ሴንቲ ሜትር ይለጥጣቸዋል። ልዩነቱ የሚመጣው በርዝመት ነው። ሁለት ሞላዎች በርዝመት ቢለያዩ ዘንጉ ያዘማል እንጂ ሁለቱም ይሸከማሉ። ሦስት ሲሆኑ ግን መካከለኛው በ1 ሴንቲ ሜትር እንኳ ከረዘመ፣ ሁለቱ ጫፎች ያን ያህል እስኪለጠጡ ድረስ ላልቶ ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ መስመሩም መጀመሪያ በ49 ዝንባሌ ሄዶ መካከለኛው ሞላ መሸከም ሲጀምር ወደ 73.5 ይታጠፋል። ስለዚህ ከሁለት በላይ ሲሆኑ ርዝመታቸውን አስቀድሞ በሽቦ ማመጣጠን ግዴታ ነው፤ መሸከማቸውንም እያንዳንዱን በጣትዎ በቀስታ ነካ አድርገው ያረጋግጡ። ዘንጉም ከባለ ሁለቱ ይልቅ ጠንካራ ይሁን፤ ከጎበጠ መካከለኛው ሞላ ከጫፎቹ የበለጠ ይለጠጣል።

ግትርነታቸው የተለያየ ሦስት ሞላዎች ከሆኑ የማንጠልጠያው ቦታ የሚገኘው የእያንዳንዱን ርቀት ከዘንጉ አንድ ጫፍ ለክተው፣ ርቀቱን በየግትርነቱ አባዝተውና ደምረው፣ ድምሩን ለግትርነቶቹ ድምር ሲያካፍሉ ነው። በደረጃ 8 ያለው ስሌት የዚሁ የሁለት ሞላ መልክ ነው።

10. የሚችሉትን ትልቁን ጭነት ይወስኑ። ተመሳሳይ ሁለት ሞላዎች ከአንዱ እጥፍ ይሸከማሉ። የተለያዩ ከሆኑ ግን የየራሳቸውን የጭነት ወሰን መደመር ስሕተት ነው። ሁለቱም እኩል ስለሚለጠጡ፣ ገደቡን የሚወስነው ጥቂት መለጠጥ ብቻ የሚችለው ሞላ ነው። አንዱ እስከ 16፣ ሌላው እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ያለ ጉዳት የሚለጠጡ ቢሆኑ፣ ጥምረቱ ከ6 ሴንቲ ሜትር ማለፍ የለበትም፤ የሚፈቀደውም ጭነት የጋራ ግትርነቱ በ0.06 ሜትር ሲባዛ የሚገኘው ነው። ሞላዎቹ እስኪከፈቱ የሚፈልጉት ጭነት ካለ በዚህ ላይ ይደመራል።

የተለመዱ ስሕተቶች

የጋራውን ግትርነት በአማካይ ማስላት በጣም የተለመደ ነው። 24.5 እና 49ን ደምሮ ለሁለት ማካፈል 36.75 ይሰጣል፤ ይህም ከጠንካራው ሞላ ብቻውን ያነሰ ነው። ከጠንካራው ሞላ ጎን ሌላ ሞላ ጨምረን ጥምረቱ ሊላላ እንደማይችል ካሰቡበት ቁጥሩ ራሱ ስሕተቱን ይናገራል። የጎን ለጎን ውጤት ምንጊዜም ከትልቁ ግትርነት ይበልጣል፣ የተከታታዩ ምንጊዜም ከትንሹ ያንሳል። ስሌትዎን በዚህ መመዘኛ ይፈትሹት።

ሴንቲ ሜትርን ሳይለውጡ በሜትር ቦታ መጠቀም ግትርነቱን በመቶ እጥፍ ያሳንሰዋል። ግራምን ሳይለውጡ በ9.8 ማባዛት ደግሞ በሺህ እጥፍ ያበዛዋል። ሁለቱ በአንድነት ሲፈጸሙ ውጤቱ የአሥር እጥፍ ስሕተት ስለሚሆን፣ ቁጥሩ ሊታመን የሚችል መስሎ ያልፋል።

የሞላውን ጠቅላላ ርዝመት ከተለጠጠው ርዝመት ጋር ማምታታትም አለ። ሁልጊዜ የሚያስፈልገው ከመነሻው ያለው ልዩነት ነው።

ሁለቱን ሞላዎች በአንድ መንጠቆ ላይ ደርቦ ማንጠልጠል ዘንግ የሚያስቀር አቋራጭ ይመስላል። ማዘምን በእርግጥ ያስቀራል፤ ሆኖም ጥቅልሎቹ እርስ በርስ ሲፋተጉ ሲጫንና ሲነሣ የሚገኘው ንባብ ይለያያል። በዚህ መንገድ ከሠሩ ሞላዎቹ እንዳይነካኩ በቂ ስፋት ያለው መንጠቆ ይጠቀሙ።

ውጤቱ ከድምሩ ጋር ካልገጠመ

ልዩነቱ እስከ 3 በመቶ ከሆነ በዚህ መሣሪያ የሚጠበቅ ነው። ከ5 በመቶ ከበለጠ በሚከተለው ቅደም ተከተል ይፈትሹ፤ ቅደም ተከተሉን ያደረግሁት ለመፈተሽ ከሚቀለው ጀምሬ ነው። መጀመሪያ የሁለቱን ጫፎች ለውጥ ያወዳድሩ፤ እኩል ካልሆነ ወደ ደረጃ 8 ይመለሱ። እኩል ሆኖ ግትርነቱ ከድምሩ ከበለጠ፣ ሞላዎቹ ሳይከፈቱ መለካት ጀምረው ይሆናል፤ ከመካከሉ 100 ግራም በቋሚነት ጨምረው መነሻውን እንደገና ያንብቡ። ከድምሩ ካነሰ ደግሞ መስቀያው ወይም ዘንጉ እየጎበጠ መሆኑን በደረጃ 1 መንገድ ያረጋግጡ፤ ሁለቱ ሞላዎች አንድ ላይ የሚሸከሙት ጭነት ለብቻቸው ሲለኩ ከነበረው ስለሚበልጥ፣ በነጠላው ሙከራ ያልታየ መጉበጥ እዚህ ሊታይ ይችላል። ይህም ካልሆነ እያንዳንዱን ሞላ ለብቻው በድጋሚ ይለኩት፤ መነሻ ንባቡ ወይም ዝንባሌው በደረጃ 4 ከመዘገቡት ከተለየ፣ በሙከራው መካከል ከወሰኑ አልፏልና በሌላ ይተኩት።